የጋን አፍ ዝቅ ያለው ከንፈር

ትናንት ገላዬን ልታጠብ ገብቼ ተረከዜን የምፈትግበትን ድንጋይ ከውሃ አወጣሁት። ከገበያ የገዛሁት ቀዳዳው የበዛ፣ ቀላል፣ አመድማ ድንጋይ ነው። ሙቅ ውሃ ሲነካው አንድ ሽታ ያወጣል፤ የመጀመሪያው ዝናብ አቧራ ላይ ሲያርፍ እንደሚነሳው ዓይነት፣ ግን ትንሽ የክብሪት ጢስ የተቀላቀለበት። እሱን በእጄ እንደያዝሁ በርጩማዋ ላይ ቁጭ አልሁ። ልጄ በሩን አንኳኩታ «እማዬ፣ ደህና ነሽ?» እስክትለኝ ድረስ ባሕር ዳር ነበርሁ። የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ሆኜ፣ ዓይኔን በመስኮቱ አሻግሬ ጋን አፍን እያየሁ። ደግሞም እንደገና ተናድጄ ነበር። ይኸው ይህን ሁሉ ዘመን ኖሬ ያ ንዴት ከነሙቀቱ ነው ያለው።

ጋን አፍ ኮረብታ ነው። ከከተማው ወደ ዘጌ በኩል፣ ሐይቁ ዳር፣ እግሩን ውሃ ውስጥ ነክሮ ብቻውን የተቀመጠ ኮረብታ። ከሩቅ ሲያዩት አንገቱ የተሰበረ ጋን ይመስላል፤ ሆዱ ሰፊ፣ አፉ ወደ ሰማይ የተከፈተ። በመሬቱ በኩል ያለው ከንፈሩ ከፍ ይላል፤ በሐይቁ በኩል ያለው ዝቅ ይላል። ፀሐይ የምትጠልቀው በዚያ ዝቅ ባለው በኩል ነበር፤ የመጨረሻዋ ብርሃን ጋኑ ውስጥ የፈሰሰች ይመስል አፉ ለጥቂት ጊዜ ይቀላና ይጠፋል። እናቴ ልብስ አጥባ ስታሰጣ ቀና ብላ እሱን ታያለች። «ጋን አፍ ጉም ለብሷል፣ ልብሱን አስገቡ» ትለናለች። ከዚህ ያለፈ ማንም ስለ እሱ አያስብም ነበር። እኔም አላስብም ነበር።

አባቴ የሽመና መኪና ጠጋኝ ነበር። ከሐረር በኩል ለሥራ መጥቶ፣ ዘጌ የተወለደችውን እናቴን አግብቶ የቀረ ሰው ነው። እጁ ዘይት ዘይት ይሸታል፤ ሳሙና አይለቀውም። ከባሕር ዳር ሁሉንም ነገር ለምዶ ሐይቁን ብቻ አለመደም። ዋና ስለማይችል ወደ ውሃው ዳር ሲጠጋ እንኳ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ፣ ሊነክስ የሚችል እንስሳ እንደሚያይ ሰው ነበር የሚቆመው።

የጂኦግራፊ መምህራችን የመጣው ትምህርት ከተጀመረ በኋላ ነው። ዩኒቨርሲቲ የተማረው ስለ ድንጋይ ነበር፤ የተመደበው ግን የእስያን ወንዞች ሊያስተምረን ነው። ዘመኑ ሰው የሚመደብበት እንጂ የሚመርጥበት አልነበረም። ረጅም፣ ቀጭን፣ ጠመኔውን እንደ ሲጋራ በሁለት ጣቱ የሚይዝ የአዲስ አበባ ልጅ ነበር። ያኔ «እርስዎ» ነበር የምንለው፤ ዛሬ ሳስበው ግን ከልጄ የማይበልጥ ነበርና «እሱ» ብለው አይቀየመኝም።

አንድ ቀን የእስያን ካርታ ጠቅልሎ ጥግ አቆመና ወደ መስኮቱ ሄደ።

«ያ ምንድን ነው?» አለን።

«ጋን አፍ!» አልን በአንድ ድምፅ።

«ስሙን አልጠየቅኳችሁም። ከምን የተሠራ ነው?»

«ከድንጋይ።»

«ከምን ዓይነት ድንጋይ?»

እርስ በርሳችን ተያየን። «ቱፍ ይባላል» አለ መምህሩ።

ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። ከኋላ የተቀመጠ አንድ ልጅ እንደ ሽማግሌ ድምፁን አጎርንኖ «ቱፍ ቱፍ! እደጉ፣ ተመንደጉ!» ሲል ደግሞ ባሰብን። መምህሩ ይቆጣል ብለን ስንጠብቅ አብሮን ሳቀ። «አልተሳሳትክም» አለው ልጁን። «መሬት ናት ቱፍ ያለችው። ያ ኮረብታ የመሬት ምራቅ ነው።»

ከዚያ ነገረን። የቀለጠ ድንጋይ ከመሬት ሆድ ወደ ላይ ሲወጣ ደረቅ መሬት ቢገጥመው ኖሮ ረጋ ብሎ ይፈስ ነበር አለ። እዚህ ግን ውሃ ገጠመው። እሳትና ውሃ ሲገናኙ ውሃው በቅጽበት እንፋሎት ይሆንና ድንጋዩን አድቅቆ፣ አመድ አድርጎ ወደ ሰማይ ይረጨዋል። እርጥቡ አመድ በጉድጓዱ ዙሪያ እየወረደ፣ አንዱ በአንዱ ላይ እየተነጠፈ፣ ቆይቶ ይደነድናል። መሐሉ ባዶ፣ ዙሪያው ከንፈር። «ምናልባት ሳምንታት፣ ምናልባት ወራት ነው የፈጀበት» አለን። «ከዚያ በቃ። እንዲህ ያለ ኮረብታ በዕድሜው አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሚናገረው።»

አንድ ጊዜ ብቻ ተናግሮ ዝም ያለ ነገር ሁልጊዜ ፊቴ ቆሞ እንደ ነበር ያን ቀን አወቅሁ። ወደ ቤት ስሄድ አንገቴ እስኪያመኝ ወደ ኋላ እየዞርሁ አየሁት።

በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ መምህሩ በከሰል የተሞላ ማንደጃ፣ ጭቃ የሞላው ሳፋና ጉጠት ይዞ ገባ። ቁራጭ ብረቱን ከአባቴ ለምኜ ያመጣሁለት እኔ ነበርሁ። ብረቱ እስኪቀላ ጠበቅን፤ ክፍሉ ከሰል ከሰል ሸተተ። ከዚያ በጉጠቱ አንሥቶ ጭቃው ውስጥ ከተተው። ጧ! ጭቃው ተፈናጠረ፤ በሸሚዙ ላይ፣ በሰሌዳው ላይ፣ በፊተኛው መደብ በተቀመጥነው ላይ፣ እና ከሰሌዳው በላይ በተሰቀለው የሦስቱ ጢማሞች ሥዕል ላይ። ያንደኛው ጢም ላይ አንድ ጠብታ ተለጥፎ ቀረ። ሳቃችንን በመዳፋችን አፈንን። ወዲያው ዳይሬክተሩ እየሮጠ ደረሰ።

«ጓድ መምህር! ምንድን ነው የፈነዳው?»

«ጂኦግራፊ ነው፣ ጓድ ዳይሬክተር።»

ዳይሬክተሩ ሥዕሉን አየ፤ እኛን አየ። መሐረቡን አውጥቶ፣ ወንበር ላይ ወጥቶ፣ ጠብታዋን በጥንቃቄ ጠረገና ወጣ። መምህሩ ግን እሱን አላየም፤ ሳፋው ላይ አጎንብሶ ነበር። «ኑ እዩ» አለን። ጭቃው በሳፋው ጠርዝ ዙሪያ ትንሽ ከንፈር ሠርቶ ነበር። በመስኮቱ ነፋስ ይገባ ስለነበር ከንፈሩ በአንድ በኩል ወፍሯል።

እጄን አወጣሁ። «ቲቸር፣ የጋን አፍ አንዱ ከንፈር ዝቅ ያለው በነፋስ ነው? ወይስ ሐይቁ በልቶት?»

ቀና ብሎ አየኝ። ብረቱን ባመጣለትም እስከዚያ ድረስ ስሜን እንኳ የሚያውቀው አይመስለኝም ነበር።

«አላውቅም» አለ። መምህር «አላውቅም» ሲል ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር። «ነፋሱ ከሐይቁ ወደ መሬት የነፈሰ ከሆነ አመዱን ወደ መሬቱ በኩል ይከምረዋል። ውሃው ከሆነ ደግሞ የነበረውን ከንፈር ቆርሶታል። ከንፈሩ በነፋስ የሳሳ ከሆነ ንብርብሩ ሳይሰበር ዞሮ ይወርዳል፤ በውሃ የተቆረሰ ከሆነ እንደ ተቆረሰ ዳቦ ተቆርጦ ይታያል። እዚህ ሆነን ግን አንለየውም። ወጥቶ ወደ ውስጥ ማየት ነው። እንሄዳለን።»

እንሄዳለን! ይህችን ቃል ይዤ ስንት ቅዳሜ እንዳቃጠልሁ ልነግራችሁ አልችልም። አንዱ ቅዳሜ የአካባቢ ጽዳት ዘመቻ ነው። አንዱ ለአብዮት በዓል የሰልፍ ልምምድ ነው። አንዱ ቅዳሜ ቀበሌው ፈቀደ ተባልን፤ ተሰልፈን ስንጠብቅ ፈቃጁ ሰው ስብሰባ ላይ ነው ተባለ። እንደገና ፈቀዱ፤ ያን ቀን ዝናብ ወረደ። እናቴ የቋጠረችልኝን ዳቦ ይዤ እየወጣሁ፣ ዳቦውን ይዤ እመለሳለሁ።

በመጨረሻ ሄድን። ክፍሉ በሙሉ በእግሩ፣ በሐይቁ ዳር መንገድ። ጋን አፍ እየቀረበ ሲመጣ እየሰፋ፣ እየሰፋ፣ ሰማዩን እየሸፈነ መጣ። ግርጌው ላይ ስንደርስ መዳፌን ድንጋዩ ላይ አሳረፍሁ። ፀሐይ አሙቃው ነበር፤ ሻካራ ነው፣ ሲፍቁት ይራገፋል፣ ያን የክብሪት ሽታ ይሸታል። ቀና ስል መንገዱ ላይ የተጋደመ ግንድ፣ ከግንዱ ጀርባ ጠመንጃ ያነገተ ሃምሳ አለቃ አየሁ። ኮረብታው አናት ላይ የጦሩ ራዲዮ ምሰሶ እንዳለ ሁላችንም እናውቅ ነበር፤ ሌሊት ቀይ መብራቱ ይታያል። ግን ተፈቅዶልናል ብለናላ።

«ምን ልታዩ ነው የመጣችሁት?» አለ ሃምሳ አለቃው።

«ድንጋይ» አለ መምህሩ።

«ከተማ ውስጥ ድንጋይ የለም?»

«የዚህ ዓይነት የለም። ቀበሌ ፈቅዶልናል።»

«ቀበሌ ቀበሌውን ይፍቀድ። ይህ የጦር ቀጠና ነው።»

«ልጆች ናቸው እኮ። ከሩብ ሰዓት አንበልጥም፤ አፉን አይተን…»

«መምህር፣» አለ ሃምሳ አለቃው፣ ክፋት በሌለው፣ ሙቀት በሰለቸው ድምፅ፣ «እኔ ራሴ አፉን አይቼው አላውቅም። እዚህ ግንድ ጋ ቁም ተብያለሁ፤ እቆማለሁ። መልሳቸው።»

ተመለስን። ልጆቹ መንገድ ላይ እየዘፈኑ፣ ሐይቁ ውስጥ እየተንቦጫረቁ ነበር። እኔ አልቅሼ ዓይኔ አብጦ ነበር።

ያን ሰሞን የእናቴ ወንድም ከዘጌ ሎሚና ቡና ይዞ ለገበያ መጣ። ቄስ ነው፤ ታንኳም ነበረው። ቤታችን ተቀምጦ ጠላውን እየጠጣ የእኔን ለቅሶ ከእናቴ ሰማና ሳቀ። «ላይኛውን በር ቢዘጉት ታችኛው ክፍት ነው» አለ። «በውሃው በኩል ገደሉን በቅርብ ታዩታላችሁ። እኔ ስንት ጊዜ በሥሩ አልፌያለሁ። ከሐይቁ የሚከለክል ማን አለ?»

መምህሩ ሲሰማ ዓይኑ በራ። እናቴ ሴት ልጅ ከወንድ መምህር ጋር በታንኳ አትሄድም አለች። አባቴ ማኅበሩ ሁሉ ያበደ ይመስል እያየን ቆይቶ፣ «እሺ፣ እኔም እሄዳለሁ» አለ። ማንም አላመነውም። እሑድ ከቅዳሴ መልስ ግን ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ጠቅልሎ፣ ወደ ደንገሉ ታንኳ ገብቶ፣ ሁለት ጠርዙን በሁለት እጁ ጨብጦ ተቀመጠ። ከንፈሩ ይንቀሳቀስ ነበር። ጸሎት ይሁን እርግማን አልሰማሁም።

ያ ጠዋት ምን ያህል ጸጥ ያለ ነበር! ውሃው እንደ ዘይት ረግቷል፤ የረጠበው ደንገል ሣር ሣር ይሸታል፤ አጎቴ ዘንጉን ሲተክልና ሲነቅል ብቻ ጠብ ጠብ የሚል ድምፅ አለ። አጎቴ እየቀዘፈ ለመምህሩ የጋን አፍን ነገር ያወራለት ጀመር። ድሮ ይህች ኮረብታ እንደ ድስት ትፈላ ነበር፤ ሰውም ከብትም አታስቀርብም ነበር፤ አንድ ጻድቅ በውሃው ላይ ሲያልፉ በመስቀላቸው አማትበው «በቃሽ» ቢሏት ጸጥ አለች፣ አለው።

«አባ፣ እኔም የማስተምረው ይህንኑ ነው» አለ መምህሩ። «አንድ ጊዜ ፈልታ ጸጥ አለች።»

«ማን ጸጥ እንዳሰኛት ግን አንተ አላስተማርኸም፣ ልጄ።»

«እሱን ከሚኒስቴር በተላከው መጽሐፍ ላይ አጣሁት፣ አባ።»

አጎቴ ዘንጉን ይዞ እስኪንገዳገድ ሳቀ። አባቴ «ኧረ በፈጠራችሁ ታንኳዋን አታወዛውዟት!» ብሎ ጮኸ።

ከዚያ ገደሉ ሥር ደረስን። ማዕበል የኮረብታውን እግር በልቶ ሆዱን ገልጦት ነበር። ንብርብሩ ከላይ እስከ ታች ይታያል፤ ግራጫ፣ ቡናማ፣ እንደገና ግራጫ፣ አንዳንዱ እንደ ጣት የወፈረ፣ አንዳንዱ እንደ ወረቀት የሳሳ። አባቴ ፍርሃቱን ረሳው። «እንዴ!» አለ። «መጋዘን ውስጥ የተከመረ አቡጀዲ እኮ ነው የሚመስለው።» መምህሩ ታንኳዋን አስጠግቶ እጁን ድንጋዩ ላይ አደረገ። በንብርብሩ መሐል የሰው ራስ የሚያህል ጥቁር ድንጋይ ተሸጉጦ ነበር፤ ከሥሩ ያለው ንብርብር ወደ ታች ጎብጧል፤ ልክ ሰው የተኛበት ፍራሽ እንደሚጎብጥ። «ይህ ድንጋይ ከሰማይ ወርዶ እርጥብ አመድ ላይ ነው ያረፈው» አለ በለሆሳስ። «ያረፈበት ቅጽበት ነው ይህ። ዛሬም እንዳለ አለ።» ጥቁሩን ድንጋይ ዙሪያውን በጣቱ ዳሰሰው። ስለ እስያ ወንዞች ሲያስተምር እንዲህ ሆኖ አያውቅም። ከቦርሳው መዶሻና ኮምፓስ አወጣ።

እኔ ግን ዓይኔ ላይ ላይ ነበር። «ቲቸር፣ ከንፈሩስ?»

አንጋጦ አየ። እጁን ከፀሐይ ጋርዶ ረጅም ጊዜ አየ። ከዚያ ፊቱ ሲለወጥ አየሁ፤ አንድ ነገር ሲገባው የሰው ፊት እንደሚለወጠው። ጣቱን ወደ ላይ ቀሰረ። «እዪ፣ እዚያ ጋ፣ ከቁጥቋጦው በላይ። ንብርብሩ እኮ ወደ…»

«እጅ ወደ ላይ!»

ጩኸቱ ከገደሉ አናት ነበር የመጣው። ሦስት ወታደሮች ጠመንጃ ደግነው ቁልቁል ያዩናል። ሁላችንም እጃችንን አነሣን፤ ታንኳዋ ተናወጠች፤ አባቴ ጠርዙን ለመያዝ እጁን ሲያወርድ «እጅ!» ብለው ጮኹበት። ምስኪን አባቴ ዓይኑን ጨፍኖ፣ እጁን ሰቅሎ፣ ውሃው ላይ ተወዛወዘ። ወደ ምን? ወደ ምን ነበር? እዚያ ላይ ጠመንጃ ተደግኖብኝ፣ እውነቴን ነው የምላችሁ፣ የማስበው ይህን ነበር። አንጋጥጬ ለማየት ሞከርሁ። ያየሁት የወታደሮቹን ጫማ ነው።

ወደ ጦሩ ሰፈር ወሰዱን። መዶሻውና ኮምፓሱ ጠረጴዛ ላይ እንደ ነፍስ ገዳይ መሣሪያ ተዘረጉ። የሰፈሩ ሻምበል ኮምፓሱን ገለበጠ፣ ከፈተ፣ ዘጋ። የጦር ሰፈር በኮምፓስ የሚለካ ሰው ለማን እንደሚለካ እናውቃለን አለ። በሰሜን በኩል ጦርነት ነበር፤ ሁሉም ሰው ሁሉንም ሰው ይጠረጥራል። መምህሩ ስለ እንፋሎትና ስለ አመድ ሊያስረዳው ሞከረ፤ ባስረዳ ቁጥር ነገሩ ይበልጥ ውሸት እየመሰለ ሄደ።

«እነዚህን ሰዎች አሳስተህ ያመጣሃቸው አንተ ነህ?» አለው ሻምበሉ።

መምህሩ አፉን ሳይከፍት አባቴ ተነሣ። ሱሪው አሁንም እስከ ጉልበቱ ተጠቅልሎ ነበር።

«እሱ አይደለም፤ እኔ ነኝ» አለ። «ልጄ አንድ ነገር ጠየቀች። መልሱን እኔ አላውቀውም። የሚያውቅ ሰው ይዤ ሄድኩ። ይኸው ነው።»

«ምን ጠየቀች?»

አባቴ ወደ እኔ ዞረ። «ምን ነበር የጠየቅሽው?»

«ነፋስ ነው ወይስ ውሃ» አልሁ።

ሻምበሉ እያፌዝንበት ስለመሰለው ደሙ ፈላ። እኔንና አጎቴን ወደ ማታ ለቀቁን። አባቴ ከቀናት በኋላ ተለቀቀ። መምህሩ ግን ቆየ።

አባቴን በቀበሌው አዳራሽ፣ በሕዝብ ፊት፣ ግለ ሂስ እንዲያደርግ አዘዙት። እናቴና እኔ ኋላ ተቀመጥን። አዳራሹ በላብና በእርጥብ ጋቢ ሽታ ታፍኖ ነበር። አባቴ በጎረቤቶቹ ፊት ቆሞ፣ ያቺን ዘይት ያልለቀቃትን እጁን እያሻሸ፣ «በአብዮታዊ ንቃት ጉድለት ምክንያት ድንጋይ ለማየት በታንኳ ሄጃለሁ፤ ስህተት ነበር» አለ። ከመሐል አንድ ሰው ሳቁን አፍኖ አስሎ አሳለፈው። አባቴ ጆሮው ቀላ። ቤት ስንገባ ጫማውን ሳያወልቅ ቆሞ፣ «ከዛሬ ጀምሮ የድንጋይ ነገር በዚህ ቤት እንዳይነሣ» አለኝ። እኔን አልተቆጣኝም፤ ይህ ነው የባሰብኝ።

መምህሩ ከክረምቱ በፊት ተመለሰ፤ ፀጉሩ ተላጭቶ፣ ሸሚዙ ሰፍቶት። የእስያን ካርታ ዘረጋ። ያንግሲ፣ መኮንግ፣ ጋንጅስ። ሲያስተምር ጀርባውን ለመስኮቱ ሰጥቶ ነበር፤ እስከ መጨረሻው ቀን አንድ ጊዜም አልዞረም። አንድ ቀን ክፍሉ ሲበተን ቀርቼ ጠጋ አልሁ።

«ቲቸር፣ ያን ቀን… ንብርብሩ ወደ ምን ነበር?»

ጠመኔውን አስቀመጠ። በሩን አየ። «ያን ነገር ተይው፣ እህቴ» አለኝ። እህቴ ብሎኝ አያውቅም ነበር። «ፈተናሽን እለፊ።»

በክረምቱ ወደ ማክሰኝት ተዛወረ ተባለ፤ ከዚያ ወዴት እንደሄደ የነገረኝ የለም። ፈተናዬን አለፍሁ። የትምህርት ምርጫ ስንሞላ፣ ከአባቴ ተደብቄ፣ የመሬትን ጥናት አንደኛ አደረግሁ። የተመደብሁት ለጽሕፈት ሥራ ነው። ዕድሜዬን በሙሉ ሌሎች ሰዎች የተናገሩትን ስተይብ ኖርሁ፤ ጥሩ ታይፒስት ነበርሁ፤ ፊደል አልስትም። አንዳንዴ የስብሰባ ቃለ ጉባኤ እየመታሁ ጣቶቼ ይቆሙና ከንዴት የተነሣ ጥርሴን አፋጫለሁ። አጠገቤ የምትሠራው ልጅ «ምን ሆንሽ?» ትለኛለች። ምን ልበላት? አንድ ዓረፍተ ነገር መሐሉ ላይ ተቆርጦብኛል ልበላት?

ዛሬ ደግሞ ነገሩ ጨርሶ አበቃ። ከፍ ያለው ከንፈር ለግንባታ ተቆርሶ ተጭኗል፤ ዝቅ ያለው ጋ መኪናዎች የሚወጡበት መንገድ ተጠርጓል። ባለፈው ከልጄ ጋር ባሕር ዳር ስንሄድ ባጃጁን ያስቆምሁት ጋን አፍን ላሳያት ነበር፤ ልጄ ግን «የቱ ነው እማዬ?» አለችኝ።

ግን አንድ ነገር ልንገራችሁ።

ደርግ ሲወድቅ ወታደሮቹ ከጋን አፍ ላይ ወርደው ሄዱ። እኔ ያኔ ባሕር ዳር፣ አንድ መሥሪያ ቤት ተቀጥሬ፣ ከወላጆቼ ጋር ነበርሁ። ወዲያው ልወጣ ተነሣሁ፤ ፈንጂ ተቀብሯል የሚል ወሬ መጣ። ይጠረጋል ተባለ፤ የሚጠርገው አልታወቀም። በአንዱ የበጋ ቀን ከሥራ ስመለስ አባቴ ደጃፉ ላይ ተቀምጧል። ጡረታ ወጥቶ ነበር፤ ጉልበቱ ከግድግዳ ግድግዳ አያደርሰውም ነበር። ጫማው አመድማ አቧራ ለብሷል። ጉልበቱ ላይ አንድ ክንድ ሙሉ የሽንብራ እሸት።

ገባኝ። «አባባ! ብቻህን? ፈንጂ ቢኖርስ?»

«ገበሬዎቹ ይመላለሳሉ እኮ። በነሱ ዱካ ነው የሄድኩት።»

«ለምን አልጠበቅኸኝም? ለምን?» ጮኽሁበት። ያን ሁሉ ዘመን የጠበቅሁት እኔ ነኝ፤ ቀድሞኝ ወጣ። እናቴ ከውስጥ ብቅ ብላ ተመልሳ ገባች።

«ጉልበቴ ዛሬ ጠዋት እሺ አለኝ» አለ። «ነገ እሺ ይበለኝ አይበለኝ አላውቅም። አንቺ ወጣት ነሽ፤ መቼም ትወጫለሽ። እኔ ላይልሽ ብዬ ነው።»

ቁጭ አልሁ። «እሺ… ምን አየህ?»

«ጉድ ነው!» አለ፣ እንደ ልጅ። «ውስጡ ሜዳ ነው። ዙሪያውን ግንብ የመሰለ ድንጋይ፣ መሐሉ ለምለም። በክረምት ውሃ ይተኛበታል አሉኝ፤ ሲደርቅ ሽንብራ ይዘሩበታል። ነፋስ የለ፣ ድምፅ የለ። ገበሬው ተቀመጥ አለኝ፤ ተቀመጥኩ። ከነቅጠሉ ነቅሎ ሰጠኝ።»

«ዝቅ ያለው ከንፈርስ? ንብርብሩ ዞሮ ይወርዳል ወይስ ተቆርጧል?»

አባቴ እሸቱን አየ። ግንባሩን ጨበጠ። የወጣው ለዚህ እንደነበር፣ እዚያ ደርሶ እንደረሳው፣ ፊቱ ላይ ተነበበ።

«ኧረ እሱን…» አለ። «ሽንብራው አዘናጋኝ።»

ልስቅ ነው ላለቅስ? በዚያች ቅጽበት እንደዚያ የተናደድሁበት ሰው የለም። እሱ ግን እጆቹን አንሥቶ ጎድጓዳ ሳህን አስመስሎ ገጠማቸውና ዓይኑን ጨፍኖ ለማስታወስ ይታገል ጀመር። «ቆይ… በዚህ በኩል ነው የገባሁት… እዚህ ጋ ድንጋዩ እንዲህ ይልና…» አንዱን መዳፉን ዝቅ አደረገ፤ መልሶ ከፍ አደረገ፤ ጣቶቹን ወደ ውጭ አጠፋቸው፤ አይደለም ብሎ ወደ ውስጥ መለሳቸው። ከሳምንታት በኋላ በሕመም ሲወድቅ፣ እኔም እሱን ሳስታምም፣ ከዚያ ለሥራ ስዛወር፣ ከዚያ ሳገባ፣ ጋን አፍ ላይ ሳልወጣ እንደምቀር ያኔ አላወቅሁም።

«ተወው አባባ» አልሁት።

«አይ፣ ቆይ፣ ይመጣልኛል» አለ።

ሁለቱን እጆቹን ያዝሁ። ከቆዳው ሥር ዘይቱ አሁንም ነበር። ከጭኑ ላይ አንድ እሸት ፈልፍዬ አጎረስሁት፤ እያኘከም ዓይኑን አልገለጠም፤ ያስታውስ ነበር።